የቡድኑ አውራ በተጎዳ ጊዜ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ምግብ አዘገጃጀት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ልጆች ጨዋታ ግን እምብዛም ሲጻፍ አይታይም፤ ብዙዎቻችን ጨዋታን የሥራ ፈቶች ነገር አድርገን እንቈጥረዋለንና። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚሁ አሳብ የራቅን አልነበርንም። ነገር ግን በ2015 ዓመተ ምሕረት በጎባ ከተማ፥ ከግቢያችን አጥር ማዶ ባለው ቤት የሆነውን ካየን በኋላ አሳባችን ስለ ተለወጠ፥ ነገሩን እንደ ሆነ አድርገን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በነገሩም ውስጥ እኛ ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት ስላለ እርሱንም አንሸሽግም።

ጎባ ከሳነቴ አምባ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች፥ ብዙ ዘመን የባሌ ርእሰ ከተማ ሆና የኖረች ደገኛ ከተማ ናት። ሮቤ ከርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ በስንዴና በገብስ እርሻ መካከል ተቀምጣለች። የሁለቱ ከተማ ሽማግሎች በሰርግና በለቅሶ አንድ ናቸው፤ ልጆቻቸው ግን በኳስ ሜዳ የተገናኙ እንደ ሆነ ዝምድናው ሁሉ ለጊዜው ይረሳል።

የቅርጫት ኳስ እንደ እግር ኳስ በየመንደሩ የታወቀ አይደለምና ጥቂት ነገር እንግለጽ። ይህን ጨዋታ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ዓመት በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያወጣው ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር ነው። የክረምቱ ብርድ ከብዶ ተማሪዎቹ በቤት ውስጥ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ነገር ቢያጡ፥ የኮክ ማኖሪያ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ቸንክሮ ኳስ ያስወረውራቸው ጀመር። ዛሬ ቅርጫቱ የብረት ቀለበት ሆኗል፤ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ በያንዳንዱም ወገን አምስት አምስት ሰው ይሰለፋል። አምስት ብቻ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በእግር ኳስ ከአሥራ አንዱ አንዱ ቢዳከም አሥሩ ይሸፍኑታል። በቅርጫት ኳስ ግን አንድ ሰው የጭፍራው አምስተኛ እጅ ነው፤ የጐደለው ደግሞ ከሁሉ የሚረዝመው የሆነ እንደ ሆነ፥ ምሰሶው የተነቀለ ቤት ማለት ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ዕድሜው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን ቁመቱ ከአባቱ በራስ ይበልጣል። ቡድናቸው በዚያ ዓመት ብዙ ግጥሚያ አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ለፍጻሜ የሚያበቃውን ግጥሚያ አሸነፉ፤ ፍጻሜውም በእሑድ ከሮቤ ልጆች ጋራ ሆነ። ነገር ግን ሐሙስ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ልጁ ኳስ ሊቀልብ ዘሎ ሲወርድ በሌላው ልጅ እግር ላይ ቆመና ቍርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ። ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ ቤቱ ሲያመጡት እኛ ከሥራ ተመልሰን በራችን ላይ ቆመን ነበር። ጫማውን ሲያወልቁለት እግሩ እንደ ኮባ ሊጥ ተነፍቶ ነበር።

ወዲያው ቤቱ በሰውና በምክር ተሞላ። አያቱ፥ መላው ሰፈር «አኮ» እያለ የሚጠራቸው፥ ለጋ ቅቤ አምጡ አሉ። አንዱ ጠበል ይሻለዋል አለ። ሌላው ከገበያው በታች ያለውን ወጌሻ ሊጠራ ተነሣ። አባቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ስለ ሆኑ የሮቤ ባልደረቦቻቸው በእሑዱ ጨዋታ እንደሚገኙ ያውቁ ነበርና፥ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፥ «እርስዎስ ምን ይላሉ? እስከ እሑድ ይድን ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፥ «ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ወንድ ልጅ ለቍርጭምጭሚት አይተኛም» ብለን መለስን። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

እናቲቱ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፥ «ጋሼ፥ ኳሱ የእናንተ ነው፤ እግሩ ግን የኔ ነው» አሉን፤ ወዲያውም ባጃጅ አስጠርተው ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። አባትየው ተከትለው ሄዱ። እኛም ከአኮና ከቅቤው ጋራ ቀረን።

ሐኪሙ እግሩን በራጅ አይቶ አጥንቱ እንዳልተሰበረ፥ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን በከፊል እንደ ተበጠሰ ነገራቸው። ከስድስት ሳምንት በፊት እንዳይዘል፥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጎ በትራስ ላይ እንዲያኖር፥ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በየጊዜው ለሃያ ደቂቃ ያህል እንዲደረግለት፥ እንዳይታሽም አዘዘ። በበረዶ ፈንታ የጎባ የማለዳ ውሃ እንደሚበቃ ሲናገር ሁሉም ሣቁ። ደግሞም ለወላጅ ሁሉ የሚጠቅም ምልክት ነገራቸው፤ የተጠመዘዘበት ሰው አራት እርምጃ መራመድ የማይችል እንደ ሆነ፥ ወይም የቍርጭምጭሚቱ አጥንት ከኋላ በኩል ሲነካ የሚያመው እንደ ሆነ፥ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ሳይነሣ መዋል የለበትም።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ጥቂት ሳንናገር አናልፍም። እኛ ወጌሻን የምንንቅ አይደለንም፤ አባቶቻችን በርሱ እጅ ድነዋል፤ የተሳሳተን መገጣጠሚያ በመመለስ እጃቸው የተባረከ ብዙ አሉ። ነገር ግን የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው እንደ ጻፉት፥ የተሰበረ ወይም ያበጠ እጅና እግር በቀርከሃና በገመድ እጅግ ጠብቆ ሲታሰር የደሙ መንገድ ይዘጋል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ብዙ ሕፃናትም በስብራቱ ሳይሆን በእስሩ ምክንያት እጃቸውን ወይም እግራቸውን ለመቈረጥ ደርሰዋል። ስለዚህ ማናቸውም ሰው ቢያስር፥ ሐኪምም ቢሆን ወጌሻም ቢሆን፥ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እያደር የሚጨምር፥ ጣቶቹ የሚቀዘቅዙ ወይም የሚደነዝዙ፥ መልካቸውም የሚጠቍር እንደ ሆነ እስሩ በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅም። እኛ «ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው» ያልነው ቃል ምን ሊያመጣ ይችል እንደ ነበር የተረዳነው ይህን ከሰማን በኋላ ነው።

በማግሥቱ አርብ ማታ የልጆቹ መምህር ወደ ቤታችን መጡ። ልጆቹ ልባቸው ተሰብሮ ልምምድ እንኳ ለማድረግ እንዳልፈቀዱ ነግረውን፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የቆየ ነገር ያውቃሉና መጥተው ይምከሩልኝ» አሉን። ከሐሙሱ ጥፋታችን የተነሣ እምቢ ለማለት አፍ አልነበረንም። በጎረቤታችን ሳሎን፥ የተጎዳው ልጅ እግሩን በትራስ ላይ አድርጎ ሳለ፥ ለቡድኑ ልጆች የሜክሲኮን ነገር ነገርናቸው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮማ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን እንዳሸነፈ ልጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ያላወቁት ግን በዚያ ውድድር ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ዋሚ ቢራቱ እንደ ነበረና፥ እርሱ ሳይሰለፍ በመቅረቱ ዓለም አበበን እንዳወቀው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓመተ ምሕረት ያው አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አርባ ቀን ያህል ሳይሞላው ተሰልፎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከርሱ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ መከራው የመጣው ከዚህ ድል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከቀዶ ጥገና ተነሥቶ የሚያሸንፍ ሰው ሕመም የማያሸንፈው ፍጡር መስሎ ለሕዝብ ይታያልና፥ በሜክሲኮም ሁሉ ሦስተኛውን ወርቅ ከርሱ ይጠብቅ ነበር። አበበ ግን እግሩ ተጎድቶ፥ አጥንቱ ታሞ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓመተ ምሕረት ከሰዓት በኋላ ውድድሩ ተጀመረ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ብላ የተሠራች ስለ ሆነች የቈላ አገር ሯጮች ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፤ (ጎባ ከርሷ በ500 ሜትር ያህል እንደምትበልጥ ስንነግራቸው ልጆቹ ደስ አላቸው)። አበበ ከፊተኞቹ ጋራ ጥቂት ከሮጠ በኋላ የመንገዱን እኩሌታ ሳይደርስ ሕመሙ ጸናበት። ማሞ ወልዴ ኋላ እንደ ተናገረው፥ አበበ ውድድሩን ለመጨረስ እንደማይችል፥ ለኢትዮጵያ ማሸነፍ የማሞ ተራ እንደ ሆነ አስታውቆት ከመንገዱ ወጣ።

ማሞ በዚያ ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። ከሳምንት በፊት ጥቅምት 3 ቀን በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ከናፍታሊ ቴሙ ጥቂት ብቻ ዘግይቶ ሁለተኛ ወጥቷል። በአበበ ጥላ ሥር ብዙ ዓመት የኖረ፥ በ1949 ዓመተ ምሕረት በሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሰለፈ የቆየ ወታደር ነው። አለቃው ከመንገድ ሲወጣ አልደነገጠም፤ እርምጃውንም በችኰላ አላበላሸም። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገብቶ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣው የጃፓኑ ኬንጂ ኪሚሃራ ከርሱ በኋላ ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ሌላው ኢትዮጵያዊ መራዊ ገብሩም ስድስተኛ ወጣ።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ደግሞ ሆነ። ጆን ስቲፈን አክዋሪ የተባለው የታንዛኒያ ሯጭ በመንገድ ወድቆ ጕልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ነገር ግን በጨርቅ አሳስሮ እያነከሰ ቀጠለ። ከማሞ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፥ መሽቶ፥ ሕዝቡም ከስታድየሙ አብዛኛው ከሄደ በኋላ መጨረሻ ሆኖ ገባ። ዓለም እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ያመሰግነዋል፤ የሚገባውም ነው። እኛ ግን ለልጆቹ እንዲህ አልናቸው፤ አክዋሪ ብቻውን ነበር፥ ሊያደርገው የቀረው ነገር መጨረስ ብቻ ነበር፤ አበበ ግን ማሞ ነበረው። ጕዳቱን በጊዜ አውቆ ሥራውን ለባልንጀራው ያስረከበ ሰው ከአክዋሪ ያነሰ ጀግና ነው የሚል ካለ እኛ አንስማማም። አንድ ልጅ ግን፥ «ጋሼ፥ ማሞ ባይኖርስ አበበ ያቆም ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ብልኅ ነበር፤ ስለዚህ ሻይ ጠጣንበት።

የአበበ ነገር በዚያ አላበቃም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በመኪና አደጋ ሰውነቱ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት ብዙ ወራት ታከመ። ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰልፏል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓመተ ምሕረት ዐርፏል። ማሞም በ1964 መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በአርባ ዓመቱ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። ይህን ስንናገር አኮ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሮ፥ ከንፈራቸውን ሲመጡ ሰማናቸው።

መምህሩ ደግሞ በተራቸው ከቅርጫት ኳስ ታሪክ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይህ ለልጆቹ ከእኛው ይልቅ የጠቀማቸው ይመስለናል። በ1962 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ አገር የኒው ዮርክ ቡድን ከሎስ አንጀለስ ቡድን ጋራ ለፍጻሜ ሰባት ጊዜ ተጋጠመ። ሚያዝያ 26 ቀን በተደረገው በአምስተኛው ግጥሚያ የኒው ዮርኩ አውራ ዊሊስ ሪድ የጭኑ ጡንቻ ተበጥሶ ወደቀ። በፊቱ የቆመው ዊልት ቻምበርሌን የተባለው ግዙፍ ሰው ነበርና ሁሉ ነገሩ አበቃ አለ። የኒው ዮርክ ሰዎች ግን ከአሥር ነጥብ በላይ ተመርተው ሳለ፥ በረጅሙ ፈንታ ረጅም መፈለግን ትተው በአጫጭሮችና በፈጣኖች ተጫወቱ፤ ኳሱን እየነጠቁ፥ ከሩቅ እየወረወሩ 107 ለ100 አሸነፉ። በስድስተኛው ግጥሚያ ሪድ አልተሰለፈም፤ ቻምበርሌን ብቻውን 45 ነጥብ አገባባቸውና ተሸነፉ። በሰባተኛው፥ ሚያዝያ 30 ቀን፥ ሪድ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ እያነከሰ ወደ ሜዳ ወጣ። የወረወራቸውን የመጀመሪያ ሁለት ኳሶች አገባ፤ በዚያ ቀን ከነዚያ ከአራት ነጥብ በቀር ሌላ አላገኘም። 36ቱን ያገባው ዋልት ፍሬዚየር ነው፤ ኒው ዮርክም 113 ለ99 አሸነፈ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰባተኛው ግጥሚያ ነው፤ ስለ መርፌውና ስለ ማነከሱ። መምህሩ ግን፥ «ለእናንተ የሚሆነው አምስተኛው ነው፤ መርፌ የሚወጋ ሐኪም እኔ ጋ የለም፤ ቢኖርም ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አላስወጋም» አሏቸው። አባትየው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ በኋላ «ይድን ይሆን?» የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ተለማመዱ። ዓመቱን ሁሉ ያውቁት የነበረው ብልሃት አንድ ብቻ ነበር፤ ኳሱን ለረጅሙ ልጅ ሰጥቶ ማየት። አሁን ግን አንዱ ሲይዝ አራቱ መሮጥ እንዳለባቸው፥ ማንም ከሁለት እርግጫ በላይ ኳሱን ሳያነጥር ለሌላው እንዲሰጥ፥ ከቅርጫቱ ሥር መጋፋት ትተው ከራቅ ብለው እንዲወረውሩ ተማሩ። በረጅሙ ልጅ ቦታ የገባው ከሁሉ የሚያጥረው ነበር፤ ስለ ቁመቱ ሣቁበት፤ እርሱም አብሮ ሣቀ። የተጎዳው ልጅ ከሜዳው ዳር በወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ያይ ነበር። በመጀመሪያ ፊቱን አጥቍሮ ነበር። ኋላ ግን የሮቤን ልጆች አንድ በአንድ ያውቃቸው ኖሮ፥ ማን በግራ እጁ ብቻ እንደሚያነጥር፥ ማን ሲደክመው እንደሚቈጣ መናገር ጀመረ። መምህሩም ይህን በደብተር ጻፉ። በዓመቱ ውስጥ ማንም እርሱን ስለዚህ ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ ስለ ቁመቱ እንጂ።

እሑድ ማለዳ ጉም ወርዶ ነበር፤ ወደ አራት ሰዓት ግን ጠራ። ከሮቤ በሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ መጣ፤ የአባትየው ባልደረቦችም መጡ። ጨዋታውን በዝርዝር ብንጽፍ ገጹ አይበቃንም። የጎባ ልጆች እኩሌታው ላይ በስድስት ነጥብ ይመሩ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ደከሙ፤ በሦስት ነጥብም ተሸነፉ። አጭሩ ልጅ አልቅሷል። አባትየው ወደ ባልደረቦቻቸው ሄደው እጃቸውን ጨበጡና እንኳን ደስ አላችሁ አሏቸው፤ ይህ ቀላል እንዳልነበረ ከፊታቸው አየን። እናቲቱ ከኋላችን ተቀምጠው ስለ ነበር፥ ዘወር ብለን ስለ ሐሙሱ ቃላችን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ጋሼ፥ አሁን ዝም ብለው የልጁን ክራንች ያቀብሉኝ» አሉን።

ልጁ በሰባተኛው ሳምንት መሮጥ ጀመረ። በሚከተለው ዓመት ወደ ቡድኑ ተመለሰ፤ ነገር ግን አጭሩ ልጅ ቦታውን አልለቅም ስላለ መምህሩ ሁለቱንም ያሰልፏቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእኛ በር ፊት ለፊት በአጥሩ ላይ የቸነከሩትን ቀለበት ይዘው እስኪመሽ ይከራከራሉ፤ የዳዊት ንባባችንንም የምናደርሰው ከኋለኛው ክፍል ሆኖ በሩን ዘግተን ነው።